አማኝ መራጭና የክነሴት ምርጫ፦ ድምፅ ከመስጠት በፊት ማወቅ የሚገባ

ምርጫ ሲቃረብ በምኩራብ ደጅ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በለቅሶ ቤትና በቡና ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ ፈጣሪውን የሚፈራ ሰው ማንን ይምረጥ? ጥያቄው ተገቢ ነው። እምነት በልብ ያለ ነገር ስለሆነ ሰው ድምፅ ሊሰጥ ሲሄድም አብሮት ይሄዳል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ይዞ የሚመጣው ብዙ ነው፤ መራጩ ራሱ አመዛዝኖ እንዲወስን የሚረዳው ግን ጥቂት ነው።

ይህ ጽሑፍ ማንን መምረጥ እንደሚገባ አይናገርም። የክነሴት ምርጫ እንዴት እንደሚሠራ፣ የሃይማኖት አባት ምን መምከር እንደሚችልና ሕግ ምን እንደሚከለክለው፣ አማኝ መራጭም ከፓርቲዎች ምን መጠየቅ እንደሚገባው በየተራ ያስረዳል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከአንድ ፓርቲ ወደ ብዙ ፓርቲ

በኢትዮጵያ ላደጉ አዛውንቶች የእስራኤል ምርጫ አዲስ ነገር ነበር። በንጉሡ ዘመን የፓርላማ ምርጫ ይካሄድ ነበር፤ ፓርቲ ግን አልነበረም። በደርግ ዘመን በሥልጣን ላይ የነበረው ፓርቲ አንድ ኢሠፓ ብቻ ነው። ስለዚህ በዘመቻ ሙሴም ሆነ በዘመቻ ሰሎሞን የመጣ ሰው ብዙ ፓርቲዎች የሚፎካከሩበትን ምርጫ ያየው እዚህ ከደረሰ በኋላ ነው።

እዚህም ቢሆን ሥርዓቱ እንዳለ አልቆየም። በ1996 እና በ1999 መራጩ በአንድ ቀን ሁለት የምርጫ ወረቀት፣ ማለትም ሁለት ፔቴክ ይሰጥ ነበር፤ አንዱ ለጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሌላው ለፓርቲ። በ2001 ደግሞ ለጠቅላይ ሚኒስትር ብቻ ተመረጠ። ከ2003 ምርጫ ጀምሮ ያለው ፔቴክ አንድ ነው፤ እርሱም የፓርቲ ነው። ዛሬም «እከሌን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጌ መረጥሁ» የሚል ሰው ይሰማል። በሕጉ ግን የመረጠው ሰውን ሳይሆን የዕጩዎችን ዝርዝር ነው።

ድምፁ የት ይደርሳል?

ክነሴት 120 መቀመጫዎች አሉት። አገሩ በሙሉ እንደ አንድ የምርጫ ክልል ይቆጠራል፤ የቂርያት ጋትም የሐዴራም የአፉላም ድምፅ አንድ ላይ ይደመራል። ፓርቲው ባገኘው ድምፅ መጠን መቀመጫ ይከፈለዋል። ወደ ክነሴት ለመግባት ግን ቢያንስ 3.25 በመቶ ድምፅ ማግኘት አለበት። ይህ መጠን የተወሰነው በ2014 ነው።

ከዚህ መጠን በታች የቀረ ፓርቲ አንድም መቀመጫ አያገኝም። በኤፕሪል 2019 «አዲሱ ቀኝ» የተባለው ፓርቲ 3.22 በመቶ አግኝቶ ውጭ ቀረ። በኖቬምበር 2022 ደግሞ የግራው ፓርቲ ሜሬጽ ከ150 ሺህ በላይ ድምፅ አግኝቶ ሳለ 3.16 በመቶ ብቻ ስለሆነበት አልገባም። አንዱ የቀኝ፣ ሌላው የግራ ነው፤ ደንቡ ለሁሉም እኩል ይሠራል። ለትንሽ ፓርቲ ድምፅ መስጠት የመራጩ መብት ነው። ነገር ግን ፓርቲው የማለፍ ዕድል እንዳለው አስቀድሞ መጠየቅ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ነገር የጥምር መንግሥት ነው። አገሪቱ ከተመሠረተች ጀምሮ አንድም ፓርቲ ብቻውን 61 መቀመጫ አግኝቶ አያውቅም። ከምርጫ በኋላ ፕሬዚዳንቱ ከፓርቲዎቹ ጋር ተመካክሮ መንግሥት የመመሥረቱን ሥራ ለአንድ የክነሴት አባል ይሰጣል፤ ያ ሰው ደግሞ የክነሴቱን ድጋፍ ለማግኘት ከሌሎች ፓርቲዎች ጋር ይደራደራል። ስለዚህ ለአንድ ፓርቲ የተሰጠ ድምፅ አብረውት የሚቀመጡትንም ወደ ሥልጣን ሊያመጣ ይችላል። «ይህ ፓርቲ ከማን ጋር ይቀመጣል? ከማንስ ጋር አልቀመጥም ይላል?» ብሎ መጠየቅ «ምን ቃል ገባ?» ከማለት አያንስም።

ክነሴት በእምነት ጉዳይ ምን አገባው?

አንዳንድ አማኝ ሰው ፖለቲካና ሃይማኖት አይገናኙም ብሎ ምርጫውን ይተዋል። በእስራኤል ግን ብዙ የእምነት ጉዳይ በሕግና በበጀት በኩል ያልፋል።

በ1953 በወጣው ሕግ መሠረት የአይሁድ ጋብቻና ፍቺ በራቢዎች ፍርድ ቤት ሥር ነው። መንግሥት የሚያውቃቸው የክርስቲያን ቤተ እምነቶችም ለምእመናኖቻቸው የራሳቸው ፍርድ ቤት አላቸው። ሲግድ በየዓመቱ በሔሽቫን 29 ቀን የሚከበር የአገር በዓል የሆነው ክነሴት በ2008 ሕግ ስላወጣለት ነው። አባቶች በጎንደር ተራራ ላይ ሲያከብሩት የኖሩት በዓል በአገሪቱ ሕግ ውስጥ የገባው በክነሴት አባላት እጅ ነው።

በጎንደርና በአዲስ አበባ የሚጠባበቁ ቤተሰቦች ጉዳይም እንዲሁ ነው። በኖቬምበር 2015 መንግሥት ወደ 9,000 የሚሆኑ ሰዎች እንዲመጡ ወሰነ። ውሳኔው ከወጣ በኋላ ግን በጀት የለም ተብሎ ሥራው ቆመ። ያን ጊዜ ጥምሩ መንግሥት የያዘው 61 መቀመጫ ብቻ ነበር። የሊኩድ አባላት የነበሩት አቶ አብርሃም ንጉሤና ዳቪድ አምሳለም ከመንግሥት ጎን ድምፅ አንሰጥም ብለው ቆዩ፤ በ2016 ስምምነት ተደርሶ ሥራው እንዲጀመር ተደረገ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይወሰዳል። አንደኛ፣ ውሳኔ ያለ በጀት ወረቀት ነው። ሁለተኛ፣ በጠባብ ጥምር ውስጥ የአንድ ወይም የሁለት ሰው ድምፅ ትልቅ ክብደት አለው።

የሃይማኖት አባት ምክርና የሕጉ ወሰን

በቤተ እስራኤል ዘንድ የቄሶችና የሽማግሌዎች ቃል የተከበረ ነው። ጠብ የሚበርደውም ቤት የሚቆመውም በእነርሱ ምክር ነበር። የሃይማኖት አባትም እንደማንኛውም ዜጋ የፖለቲካ አሳብ ሊኖረው ይችላል፤ ሲጠየቅም ያመነበትን ሊናገር ይችላል።

የክነሴት ምርጫ ሕግ ግን ወሰን አበጅቷል። ሰውን አንድን ፓርቲ እንዲመርጥ ወይም እንዳይመርጥ በእርግማን፣ በውግዘት፣ ከማኅበር በመለየት፣ በስእለት ወይም በመሐላ መገፋፋት ወንጀል ነው። «ለእከሌ ድምፅ ብትሰጥ እመርቅሃለሁ» ብሎ ቃል መግባትም እንዲሁ ነው። ለዚሁ ዓላማ ክታብ መስጠትም የተከለከለ ነው። ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስራት ወይም የገንዘብ መቀጮ ሊደርስ ይችላል። በድምፅ ምትክ ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም መስጠት ጉቦ ነው፤ የሚሰጠው ብቻ ሳይሆን የሚቀበለውም ይጠየቃል።

ይህን ማወቅ ለአዛውንት መራጭ ትልቅ ነገር ነው። ምርቃት ከፈጣሪ የሚለመን እንጂ በፔቴክ የሚገዛ አይደለም። «እገሌን ካልመረጥህ ትረገማለህ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ያ ሰው ሕግ እየጣሰ ነው እንጂ መራጩ ኃጢአት እየሠራ አይደለም። በፍርሃት ቃል የገባ ሰው ቢኖርም ማንም ከመጋረጃው ኋላ ገብቶ ሊያየው አይችልም። የክነሴት መሠረታዊ ሕግ ምርጫው ምስጢራዊ መሆን እንዳለበት በግልጽ ይደነግጋል።

በአሜሪካ ያሉ ክርስቲያኖች ምን ያደርጋሉ?

ይህ ጥያቄ የአይሁድ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ያሉ ክርስቲያኖችም ለብዙ ዓመታት ሲነጋገሩበት ኖረዋል፤ ከልምዳቸው የሚወሰድ ትምህርት አለ።

በ1954 በወጣ ሕግ፣ ከግብር ነፃ የሆኑ ድርጅቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትም ጭምር፣ አንድን ዕጩ መደገፍ ወይም መቃወም ተከለከሉ። ሕጉን ያቀረበው በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሴናተር ሊንደን ጆንሰን ነው። ስለ ሕጉ እስከ ዛሬ ክርክር አለ። ከዚህ የተነሣ ብዙ ቤተ ክርስቲያን «እከሌን ምረጡ» ከማለት ይልቅ ምእመኑን ወደ ማስተማር አዘነበለ። የካቶሊክ ጳጳሳት ከ1976 ጀምሮ ከፕሬዚዳንት ምርጫ በፊት ጽሑፍ ያወጣሉ። ጽሑፉ ስለ ሕይወት ክብር፣ ስለ ድሆች፣ ስለ ስደተኞችና ስለ ሰላም የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ያስቀምጣል፤ ማንን መምረጥ እንዳለባቸው ግን ለምእመናን አይነግርም።

ሌላው መንገድ የማነጻጸሪያ ወረቀት ነው። በ1989 በሰባኪው ፓት ሮበርትሰን የተመሠረተው «የክርስቲያን ኅብረት» በ1990ዎቹ ሁለት ዕጩዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ በየጥያቄው «ይደግፋል»፣ «ይቃወማል» የሚል ወረቀት በብዙ ሚሊዮን አትሞ በየቤተ ክርስቲያኑ አደለ። ወረቀቱ ለማንበብ ቀላል ነበር። ተቃዋሚዎቹ ግን «ጥያቄዎቹ የተመረጡት አንደኛው ወገን መልካም መስሎ እንዲታይ ነው» አሉ። በ1996 የአገሪቱ የምርጫ ኮሚሽን ድርጅቱን ከሰሰ፤ በ1999 ፍርድ ቤቱ አብዛኛውን ክስ ውድቅ አደረገው።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ማነጻጸሪያ ወረቀት ጠቃሚ ነው። መራጩ ግን ማን እንዳዘጋጀው፣ የትኞቹን ጥያቄዎች እንዳስገባና የትኞቹን እንደተወ መመልከት አለበት። በዋትስአፕ የሚመጣው የአማርኛ ድምፅና ወረቀትም በዚሁ ዓይን መታየት ይገባዋል። ላኪው የማይታወቅ መልእክት ምንጭ የለውም፤ ምንጭ የሌለው ነገር ደግሞ ለሌላ ሰው ሊተላለፍ አይገባም።

ከመምረጥ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላል የአገር ተረት። መራጭም ከመወሰኑ በፊት ለእርሱ ከሁሉ የሚበልጡትን ሦስት ወይም አራት ጉዳዮች ለይቶ ቢይዝ ይጠቅመዋል። ለአንዱ የጡረታ አበልና የመድኃኒት ዋጋ ይቀድማል፤ ለሌላው የልጅ ልጆች ትምህርት፣ የመኖሪያ ቤት፣ ጸጥታ፣ በፖሊስ እጅ የወጣቶች አያያዝ፣ የቄሶች ክብር፣ ሰንበት ወይም በኢትዮጵያ የቀሩ ዘመዶች። ቅደም ተከተሉን የሚያወጣው መራጩ ራሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ስለ እያንዳንዱ ፓርቲ የሚከተሉትን መጠየቅ ይቻላል።

አንደኛ፦ ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈ ነገር አለው? በስብሰባ ላይ በቃል የሚነገር ተስፋ ይረሳል፤ በፕሮግራም የተጻፈ ግን ሊጠየቅበት ይችላል።

ሁለተኛ፦ ባለፉት ዓመታት በክነሴት ምን ድምፅ ሰጠ? በመንግሥት ውስጥ ከነበረ ምን ሠራ? በተቃዋሚ ወገን ከነበረስ ምን ሕግ አቀረበ?

ሦስተኛ፦ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? የ2015ቱ ውሳኔ እንዳሳየው በጀት የሌለው ቃል ሰዎችን አውሮፕላን ላይ አያሳፍርም።

አራተኛ፦ ስለ እምነት የሚናገረው ለሁሉም ነው ወይስ ለራሱ ወገን ብቻ? ሃይማኖተኛ ፓርቲ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ የራቢነትን ሥልጣን ያጠብቃል፣ ሌላው ለየማኅበረሰቡ ልማድ ቦታ ይሰጣል። ሃይማኖተኛ ያልሆነ ፓርቲም ለቄሶች ወይም ለሲግድ ሊቆም ይችላል። ስሙን ብቻ አይቶ መወሰን ያሳስታል።

አምስተኛ፦ መሪዎቹ በንግግራቸውና በሥራቸው እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው? ሐሜትን፣ ስድብንና ድሀን መናቅን እምነት የሚከለክል ከሆነ፣ አማኝ መራጭ ይህንንም በሚዛኑ ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል።

ሁሉን የሚያሟላ ፓርቲ አይገኝም። መራጩ ከአሉት ውስጥ ወደ ሚዛኑ የሚቀርበውን ይወስዳል። ሁለት ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላቸው ሰዎች በአንድ ምኩራብ ጸልየው ለሁለት ፓርቲ ድምፅ ቢሰጡ የአንዱ እምነት ከሌላው አያንስም።

ወገን ስለሆነ ብቻ?

ሌላው በብዛት የሚሰማው ምክር «የኛ ልጅ ያለበትን ምረጡ» የሚል ነው። በኢትዮጵያ ተወልደው ክነሴት የገቡት ግን ከአንድ ፓርቲ አይደሉም። የመጀመሪያው አቶ አዲሱ መሰለ በ1996 የገቡት በሌበር ፓርቲ ነው። አቶ ሽሎሞ ሞላ በካዲማ ገቡ። ወይዘሮ ፕኒና ታማኖ ሻታ በ2013 በየሽ ዓቲድ ገብተው በ2020 በኢትዮጵያ ከተወለዱት ውስጥ የመጀመሪያዋ ሚኒስትር ሆኑ። አቶ አብርሃም ንጉሤ በ2015 በሊኩድ፣ አቶ ሞሼ ሰሎሞን በ2022 በሃይማኖታዊ ጽዮናውያን ዝርዝር ገብተዋል። ወገን በግራም በመሐልም በቀኝም አለ፤ ስለዚህ ወገን መሆን ብቻውን ለመምረጥ አይበቃም።

የወገን ዕጩ ለሚፈልግ መራጭ ደግሞ መታየት ያለበት ዕጩው በዝርዝሩ ላይ የተቀመጠበት ቁጥር ነው። ፓርቲው 10 መቀመጫ ቢያገኝ የሚገቡት ከላይ ያሉት 10 ሰዎች ናቸው። በ25ኛ ቦታ የተቀመጠ የኛ ሰው ፎቶው በየአውቶቡሱ ቢለጠፍም ላይገባ ይችላል። «ስንተኛ ነው?» ብሎ መጠየቅ ስድብ አይደለም።

የፔቴኩ ፊደላት

ለብዙ አዛውንት ዋናው ጭንቀት የዕብራይስጥ ንባብ ነው። በፔቴኩ ላይ በትልቁ የሚታተመው የፓርቲው መለያ ፊደል ነው፤ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ሊሆን ይችላል። የፓርቲው ስም ከሥሩ በትንሹ ይጻፋል። በ2022 ለምሳሌ የሊኩድ መለያ መም፣ ሔት፣ ላሜድ ነበር፤ የየሽ ዓቲድ ፔ፣ ሄ፤ የሻስ ሺን፣ ሳሜኽ፤ የሌበር አሌፍ፣ መም፣ ታቭ። ፓርቲዎች ሲዋሐዱ ወይም ሲለያዩ ፊደሉ ሊቀየር ስለሚችል ያለፈውን ምርጫ ፊደል አምኖ መሄድ አይገባም።

በቅርጽ የሚመሳሰሉ ፊደላት አሉ፦ ዳሌትና ሬሽ፣ ሄና ሔት፣ ሳሜኽና የመጨረሻው መም። ስለዚህ መለያውን ከምርጫው ቀን በፊት በቤት ውስጥ በትልቁ አስጽፎ ደጋግሞ ማየት ጥሩ ነው። አንዱ የቤተሰብ አባል ፊደሉን ሲያስተምር ፓርቲውን መምረጥ የለበትም። የሁሉንም ፊደላት አሳይቶ «የትኛው ነው የሚፈልጉት?» ብሎ መጠየቅ የልጅ ወግ ነው።

በምርጫው ቀን

በሕዝብ መዝገብ ላይ ያለ፣ 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ሁሉ በመራጮች መዝገብ ላይ በራሱ ይመዘገባል፤ ልዩ ምዝገባ አያስፈልግም። አይሁድ፣ ክርስቲያን፣ ሙስሊም፣ ድሩዝ ሳይባል የሁሉም ዜጋ ድምፅ እኩል ነው። ዜግነት ሳይኖረው በቋሚ ነዋሪነት ብቻ ያለ ሰው ግን ለክነሴት አይመርጥም። ድምፅ የሚሰጠው በመዝገቡ ላይ ባለው አድራሻ በተመደበው ጣቢያ ነው፤ ቤት የቀየረ ሰው አድራሻውን አስቀድሞ ማስተካከል አለበት። የጣቢያውን ቦታ የሚገልጽ ወረቀት በፖስታ ይመጣል። ወረቀቱ ቢጠፋም መምረጥ ይቻላል።

መታወቂያ የግድ ነው፦ ተዑዳት ዘሁት፣ የእስራኤል ፓስፖርት ወይም ፎቶ ያለበት መንጃ ፈቃድ። ብዙዎቹ ጣቢያዎች ከጧቱ በእስራኤል ሰዓት 7:00 እስከ ማታ 22:00 ክፍት ናቸው።

መራጩ መታወቂያውን አሳይቶ ፖስታ ይቀበላል፤ ከመጋረጃው ኋላ ገብቶ አንድ ፔቴክ ወደ ፖስታው ያስገባል፤ ወጥቶ ፖስታውን ራሱ ሳጥኑ ውስጥ ይከታል። በፔቴኩ ላይ ምንም አይጻፍበትም። የሁለት ፓርቲ ፔቴክ በአንድ ፖስታ ከገባ ድምፁ ይሰረዛል፤ ባዶ ፖስታም አይቆጠርም። የሚፈልገው ፔቴክ ካለቀበት ለጣቢያው ኮሚቴ መናገር ይችላል። ለማን እንደሚመርጥ ለኮሚቴው መንገር የለበትም፤ «ፔቴክ ጎድሏል» ማለት ብቻ ይበቃል።

በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ብቻውን መምረጥ የማይችል ሰው ረዳት ይዞ ከመጋረጃው ኋላ መግባት ይችላል። አንድ ሰው ከሁለት መራጮች በላይ ሊረዳ አይችልም። አረጋውያን በሚኖሩበት ተቋም የሚሠራ ሰው ወይም የተቋሙ ኃላፊ እዚያ የሚኖረውን ሰው ይዞ እንዳይገባ ሕጉ ይከለክላል። መንቀሳቀስ የሚቸግረው ሰው ለአካል ጉዳተኞች በተዘጋጁ ጣቢያዎች መምረጥ ይችላል፤ ሆስፒታል የተኛም በሆስፒታሉ ውስጥ ይመርጣል። ሕጉ ስለ ረዳት ሲናገር ሕመምንና የአካል ጉዳትን ነው የሚጠቅሰው። ስለዚህ ጤነኛ ሆኖ ዕብራይስጥ ማንበብ ብቻ ለሚቸግረው ሰው ፊደሉን አስቀድሞ ማወቅ ከሁሉ ይበልጥበታል።

ምርጫው ካለፈ በኋላ

የመራጭ ሥራ በሳጥኑ አያበቃም። ከምርጫው በፊት የተቀበለውን የፓርቲ ወረቀት ያልጣለ ሰው፣ ከዓመት በኋላ አውጥቶ የተጻፈውንና የተሠራውን ሊያነጻጽር ይችላል። የክነሴት አባላት ወደ ሲግድ በዓልና ወደ ማኅበረሰቡ ስብሰባዎች ይመጣሉ፤ በዚያን ጊዜ ወረቀቱን ይዞ «ይህ ምን ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ጠያቂው አማርኛ ብቻ የሚናገር ቢሆን በአስተርጓሚ ሊጠይቅ ይችላል። ከ2019 እስከ 2022 ባለው ጊዜ እስራኤላውያን አምስት ጊዜ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄደዋል፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ምርጫ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅምና ወረቀቱ በቅርብ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ።